ጠፍቶ የተመለሰው ሸብ

ሱዳን ውስጥ ዶካ አጠገብ የማሽላ አረም ስንነቅል አንድ ጓደኛችን በተቅማጥ ወደቀ። የኩሬው ውሃ ጭቃ ነው፤ ሸብ የሚሉት ውሃ ማጥሪያ ድንጋይ ሲጨመርበት ግን ነጭ ነገር እንደ እርጎ ይረጋና ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። የቀረችውን ሸብ ለሁለት ባልዲ አካፈልኋት። ዘወር ስል አብረውን የሚያርሙት ሁለቱ፣ ይበልጥ ይጥራ ብለው፣ ሐጎስ በአንዱ ኮምጣጤ፣ ካሳ በሌላው የአመድ ውሃ ደፉበት። የሁለቱም ነጭ ሟሙቶ ጠፋ፤ ጭቃውም ተመልሶ ደፈረሰ።

«ሰላጣ መሰለህ?» አለ ካሳ።

«አንተስ ልብስ ልታጥብበት ነው?» አለ ሐጎስ።

ኮምጣጤና አመድ ይጣላሉ፤ እነሱ ከተገዳደሉ ሸቡ ይተርፋል ብዬ ሁለቱንም ቀስ እያልሁ አንድ ሳፋ ላይ ማፍሰስ ያዝሁ።

«አያ፣ ጭራሽ ልታበላሸው ነው» አለኝ ካሳ።

እጄን አልመለስሁም። ነጩ እንደገና ረጋ፤ ጭቃውን ይዞ ወረደ። የጠራውን አፍልቼ ለበሽተኛው ሰጠሁት።

«ጨው ጨው ይላል» አለኝ።

«የኮምጣጤውና የአመዱ ትራፊ ነው፤ ጠጣ» አልሁት፤ እስኪጨርስም ከአጠገቡ አልተነሳሁም።