የመሐሉ ድምፅ

ገርጂ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች የልምምድ ክፍል፤ የሜታል ሮክ ባንዳቸው አመሻሽ ላይ መድረክ ሊወጣ ነውና ጊታር ተጫዋቹ ምንተስኖት በሁለት አምፕሊፋየሮች መካከል ይንቆራጠጣል፤ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ርብቃ ክሯን እየቃኘች ታየዋለች።

ምንተስኖት፦ ደውይለት አልኩሽ! ካሌብ ይምጣና ጊታሩን ራሱ ይጫወት።

ርብቃ፦ ባንዱን ጥሎ የሠርግ ባንድ ገብቶ፣ ከረባት አስሮ የሚዞረውን ሰውዬ? ምን ብዬ ልጥራው?

ምንተስኖት፦ «ምንቴ አልቻለም» በይው። አላፍርም።

ርብቃ፦ ጣትህን ምን ነካው?

ምንተስኖት፦ ጣቴማ ደህና ነው፤ ድምፁ ነው እምቢ ያለኝ። ይኸው ትልቁን አምፕ ትቶልን ሄዷል። የሚያንጫጫውን ጌይኑን፣ የወፍራሙን ድምፅ ቁልፍ ቤዙን፣ የቀጭኑን ትሬብሉን የት የት እንደሚያቆማቸው በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጎባቸዋል። አንዱንም አልነካሁም! ብቻዬን ስጫወተው ግድግዳ ያፈርሳል። ትናንት ከእናንተ ጋር ስጫወት ግን...

ርብቃ፦ ውሃ በላህ።

ምንተስኖት፦ አየሽ! አንቺም ሰምተሻል።

ርብቃ፦ አልሰማሁህም እንጂ! ችግሩ እሱ አይደል?

ምንተስኖት፦ ቀልጂ አንቺ። አዳራሹ ሙሉ ሰው «ካሌብ የታለ?» እያለ ሲጮህብኝ ያኔ ትስቂያለሽ።

ርብቃ፦ እስቲ ትንሿን አምፕህን ሰካት።

ምንተስኖት፦ ይቺን? ከትልቁ ጋር ልታወዳድሪያት? በረዶ የሚወርድበት ቆርቆሮ እኮ ናት።

ርብቃ፦ ሰካት አልኩህ።

ምንተስኖት፦ ይኸው። ስሚ... ታስጠላለች አይደል? በአፍንጫዋ ነው የምታወራው።

ርብቃ፦ ብቻዋን ታስጠላለች። ቆይ እኔም ልግባ። አታቁም፣ ቀጥል ቀጥል... አሁንስ?

ምንተስኖት፦ እ... የተሰማሁ መሰለኝ።

ርብቃ፦ መሰለኝ የለም! አሁን ወደ ትልቁ ተመለስ። ነጥቦቹን አትንካ፣ ያንኑ የምትደጋግመውን ሪፍ ተጫወት። እከተልሃለሁ።

ምንተስኖት፦ ... የት ሄድኩ?

ርብቃ፦ እኔ ውስጥ ገብተህ ሰጠምክ። ቤዙን ቆልለኸዋል፤ እሱ የኔ ቦታ ነው። ትሬብሉ ሰማይ ነክቷል፤ እሱን ደግሞ የድራሙ ሲምባል ይውጠዋል። የመሐሉን ድምፅ፣ ሚዱን፣ ዜሮ ላይ ጥለኸዋል። ታዲያ ጊታሩ የት ይኑር?

ምንተስኖት፦ ካሌብ እንዲህ አልነበር የሚያደርገው? እሱ ግን ይሰማ ነበር!

ርብቃ፦ ካሌብ ሲጫወት አጠገቡ ማን ነበር?

ምንተስኖት፦ እኔ ነኛ።

ርብቃ፦ በየትኛው አምፕ?

ምንተስኖት፦ በዚችው በትንሿ።

ርብቃ፦ ሚዷስ?

ምንተስኖት፦ እስከ ጥግ። ሌላ ምን አላትና።

ርብቃ፦ እንግዲህ መሐሉን ትሞላለት የነበርከው አንተ ነህ። እሱ ከላይና ከታች ያጌጥ ነበር። እኛ «የካሌብ ድምፅ» እያልን ስናጨበጭብ ግማሹ ያንተ ነበር። አንተም አብረኸን ታጨበጭባለህ፣ ሞኝ!

ምንተስኖት፦ ውሸትሽን ነው።

ርብቃ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የራስህ እያለህ የሱን ነጥብ ስትከተል ከረምክ። ና፣ ሚዱን አንሳው። ገና... ገና ነው። ቤዙን አውርድልኝ። ጌይኑን ደግሞ እስከ ግማሽ።

ምንተስኖት፦ ጌይኑን አትንኪብኝ!

ርብቃ፦ ለምን?

ምንተስኖት፦ ሜታል እኮ ነው የምንጫወተው፣ የልደት ዘፈን አይደለም።

ርብቃ፦ ሜታል ጩኸት ብቻ ቢሆን የጋራዡ ጄኔሬተር ይበልጠን ነበር። እውነቱን ንገረኝ።

ምንተስኖት፦ ... ከቀነስኩት ስህተቴ ይሰማል። ሲንጫጫ ይሸፍንልኛል። ያቺ ፈጣኗ ቦታ ላይ ቀኝ እጄ እየቀደመ ያስቸግረኛል። ፈርቻለሁ ርብቃ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም።

ርብቃ፦ አልሸሹም ዞር አሉ በለኛ! ጌይን ውስጥ ተደብቀህ ነው እንዴ የከረምከው?

ምንተስኖት፦ ሳቂብኝ።

ርብቃ፦ አልሳቅኩም። የፈሩት ይደርሳል፤ መድረክ ላይ ከሚደርስብህ እዚሁ ይድረስና እንየው። ቀንስ።

ምንተስኖት፦ እሺ... ከመጀመሪያው ልጀምር?

ርብቃ፦ ከምትፈራት ቦታ ጀምር።

ምንተስኖት፦ ... አየሽ? ተሳሳትኩ!

ርብቃ፦ ሰማሁህ። ድገም።

ምንተስኖት፦ ... አሁንም። ሚኒባሱ ውጭ ክላክስ እያደረገ ነው፣ ሊጭነን መጥቷል።

ርብቃ፦ ይጠብቅ። እግርህን አታወራጭ። ትንፋሽህን ዋጥ አድርግና ድገም።

ምንተስኖት፦ ... ወጣች! ርብቃ፣ ወጣች እኮ! እያንዳንዷ ምት ለብቻዋ ተሰማች። ይሄ የካሌብ ድምፅ አይደለም።

ርብቃ፦ አይደለም።

ምንተስኖት፦ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ደስ አላለሽም?

ርብቃ፦ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትጮህብኝ። ትናንት ከልምምድ ስንወጣ ደወልኩለት።

ምንተስኖት፦ ለካሌብ?!

ርብቃ፦ ባንዱ ሊፈርስ ነው ብዬ ፈራሁ። አንተን አላመንኩህም፣ ይኸው ነው። እሺ አለኝ፤ ጊታሩን ይዞ በቀጥታ አዳራሹ ይመጣል። አሁን ልደውልና ይቅርብህ ልበለው? ምን ልበለው ምንቴ?

ምንተስኖት፦ ይምጣ እንጂ። ጊታሩን ቤቱ ይተወውና፣ አንቺ ከፊት ወንበር ያዢለት።