ወንበርሽ ባዶውን ነው፦ የጋሽ ጸጥታ ዜና ሕይወት

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ጸጥታ» እያለ የሚጠራቸው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው የመጋዝና የስፌት መኪና ጩኸት በማይለየው ቤት በማደጋቸው ይመስላል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸጥ ያለ ቦታ ሲፈልጉ ኖረዋል። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመርቀው የንባብ አዳራሹ ኃላፊ ሲሆኑም፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ካደረጉ ዝንብ እንኳ ታፍራቸው ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያው አዳራሽ ነው፤ ወይዘሪቷ ጫማቸው እየጮኸ አንባቢ ስላወኩ ጋሽ ጸጥታ ሊገሥጿቸው ተነሥተው፣ ስማቸውን ጠይቀው ተመለሱ። የወለዷት አንዲት ልጅ አድጋ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን በመስኮቱ በኩል ያለችውን ወንበር ያዘች። አንድ ቀን ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ አባቷ በሰው ፊት አስወጧት። ልጅም የአባቷ ልጅ ናትና አኮረፈች፤ ቤተ መጻሕፍቱን እርግፍ አድርጋ ተወች፤ ቤት ውስጥም ጨው መቀባበል እንኳ በእናት አማላጅነት ሆነ። ይህም ወንድማችንን ውስጥ ውስጡን በላቸው።

በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው የምሁራኑን ጥናትና የቤተ መጻሕፍቱን ሀብት ለሕዝብ ለማቅረብ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፍቶ፣ ሰው ዝም በማሰኘት የታወቁትን ሰው ከሕዝብ ጋር ተነጋገሩ አላቸው። ምሁራኑ ጥናታቸውን በከባድ ቃላት ይለጥፋሉ፣ የሚሞጋገሱትም እርስ በርሳቸው ነበር፤ ጋሽ ጸጥታም «ስልክ ማጥፋት ግዴታ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ገጹም እንደ አዳራሹ ጭር አለ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ለልጃቸው የጻፏትን መልእክት በስሕተት በዚያው ገጽ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ስም ለጠፏት፦ «ልጄ፣ ኩርፊያው ይብቃን። ወንበርሽ ባዶውን ነው፤ ነይ፣ አልቆጣም።»

እስኪነቁ ድረስ ሕዝቡ ተቀባብሏታል። ሰዉ ቤተ መጻሕፍቱ የጠራው መስሎት ነበር፤ አንዲት ጡረተኛ በደጁ እያለፉ ለመግባት ሲፈሩ መኖራቸውን ጻፉ፤ አንድ ሹፌርም ወንዶች አልተጠራንም ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጋሽ ጸጥታ ወንበር ወንድና ሴት አይለይም ብለው መለሱለት። ሰዉ ሲጠይቅ ያዩ መምህራንም ከባዱን ቃል ትተው ለተጠየቁት መመለስ ጀመሩ። አለቆች መልእክቷን አጥፏት ቢሏቸው፣ የተጻፈላት ገና አላየቻትም ብለው እንቢ አሉ።

አዳራሹ በማያውቋቸው ሰዎች በሞላበት በዚያ ሳምንት፣ ቦታ መያዝ ክልክል ነው የሚለውን ሕግ ራሳቸው ጥሰው፣ በመስኮቱ በኩል ባለችው ወንበር ላይ ኮታቸውን አኖሩ። መልእክቷ የደረሳት ልጃቸውም መጣች። ኮታቸውን አነሡላት፤ ተቀመጠች። ቃል አልተለዋወጡም፤ ቦታው አይፈቅድምና።

በኋላ ሕመም ጉሮሯቸውን ይዞ ድምፃቸውን ቢነሣቸውም፣ አልጋቸው ላይ ሆነው በገጹ ለጠያቂው ሁሉ በጽሑፍ ሲመልሱ ቆይተው፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ እንዳለ ዐርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኛን እኅትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ለሌላ የተጻፈ መልእክት አንብባችሁ የመጣችሁትን እናንተን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪም በተራው «ና፣ አልቆጣም» ብሎ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ጸጥታ በሰፈነበት ያሳርፍልን።