የወገብ ልክና የሐኪም ቃል

የሱሪዬን እግር ላሳጥር ከነርሷ እህቴ ጋር ወደ ስፌት ቤቱ ጎራ ባልን ጊዜ ያላሰብነው ጉድ ጠበቀን። ባለቤቲቱ ሜትሩ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላቸዋል። እኒህ ጨዋ ሴት፣ በእጃቸው ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ ከስፌት መኪናዋ አስነሥተው፣ ልብሷን በፌስታል አስይዘው በር ላይ አቁመዋታል።

«እትዬ፣ ምን አጠፋች?» አለች እህቴ ደንግጣ።

«ተይኝ እህቴ፣ የገመና ነገር ነው!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የወር አበባዋ ከቀረ ሰባት ወሩ። ‘ልብስ ልለካልሽ’ እያልኩ በየሳምንቱ ወገቧን ስለካ ከረምኩ።»

«ሳይጠይቋት?»

«ምን አፍ አለኝና ልጠይቃት? ወገቧ አልጨመረም፤ ተመስገን አልኩ። ዛሬ ግን ሸሚዟ ደረቷ ላይ ረጥቦ አየሁ። ወተት! ያልወለደች ልጅ ወተት ከየት ታመጣለች? ሆዷን አስራ ደብቃኝ ወልዳ ጥላዋለች!»

ቃሉ እንደ ፈላ ውኃ ወረደብኝ። ልጅቷ ግን ከሁላችንም ይልቅ ደንግጣ አክስቷን ታያለች።

«ለዚህ ነበር የምትለኪኝ? እኔ እኮ ቀሚስ ልትሰፊልኝ መስሎኝ ነበር። ወንድ አላውቅም አክስቴ፤ ወተቱንም ፈርቼ ነው የደበቅሁሽ።»

«ራስሽን ያምሻል?» አለቻት እህቴ።

«ይፈልጠኛል። ደግሞ ከጎኔ የሚመጣ ሰው አይታየኝም።»

የእህቴ ፊት ተለወጠ። «እትዬ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

«ያላገባች ልጅ? የማህፀን ሐኪም ደጅ ተሰልፋ ሰው ቢያያት ምን ይላል?»

«የሰው አፍ ከዓይኗ ይበልጥብዎታል? የወር አበባ የሚቀረው በእርግዝና ብቻ አይደለም፤ በሕመም፣ በብርቱ ጭንቀት፣ በክብደት መቀነስም ይቀራል። ለሦስት ወር ከቀረ መመርመር ነው፤ እርግዝና ቢጠረጠር ደግሞ ሦስት ወርም አይጠበቅም።»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝምና፣ «እትዬ፣ ጨርቅ እንኳ ሳያረጋግጡ መቀስ አያነሡም፤ በልጅዎ ላይ እንዴት ፈረዱ?» አልኳቸው።

እትዬ ሜትር ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን በጫማ እንኳ ሳይለውጡ፣ «እሺ፤ ከሐኪሙ አፍ ልስማው» ብለው ልጅቷን ይዘው ወጡ።

ደሟ ተመረመረ፤ ራሷም በመሣሪያ ታየ። ውጤቱ በመጣ ቀን እኔና እህቴም ባለንበት ሐኪሙ እንዲህ አሉ፦

«እርጉዝ አይደለችም፤ ወተቱም የወላድ ወተት አይደለም። ከአንጎሏ ሥር ባለች ትንሽ እጢ ላይ እባጭ በቅሏል። ወተቱን ያመጣው፣ የወር አበባዋን ያስቀረው፣ የዓይኗንም ነርቭ የተጫነው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በክኒን ይቀንሳል። ብትዘገዩ ግን ለዓይኗ እሰጋ ነበር።»

እትዬ ሜትር አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ ዓይኗ ሊጠፋ፣ እኔ ከቤት ላባርራት!» አሉና እጇን ይዘው አለቀሱ።

አንባቢ ሆይ፣ በሽታን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ይህን በሽታ ግን ነውር የሚል ልብስ አልብሰን ከሐኪም እንሰውረዋለን። ልጅቷ በክኒኑ ጥቂት ወራት ከቆየች በኋላ ዓይኗ ጠራ፤ ራስ ምታቱ ተዋት፤ የወር አበባዋም ተመለሰ። አንድ ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ እንባና ያ ሁሉ ጥርጣሬ በቀረ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሱሪ ላሳጥር ስገባ፣ አንዲት ደንበኛ ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «የልጄ ያ ነገር ከቀረ አራት ወር ሆነው» ስትል ሰማሁ።

እትዬ ሜትር ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «የወር አበባዋ ነው? ስም አለው እኮ! ልጅቷን ጥሪያትና ተነሡ፤ መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ።»