ይመር ዝም ያለበት ቦታ

ደሴ፣ አንድ የጥቅምት ረፋድ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው የዘፋኙ የይመር ሚስት ደብሪቱ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ዘርግታ ሙቀጫዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የይመር የድሮ ባልደረባ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ እንድሪስ፣ ሱፍ ለብሶ ከፊቷ ቆሟል።

ደብሪቱ፦ አልሰጥም አልኩ፣ አልሰጥም ነው። ደሞ ከፀሐዩ ዞር በልልኝ፤ በርበሬዬ ላይ ጥላ ጣልክበት።

እንድሪስ፦ እታለም፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ እንጂ። ሰውዬው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው የይመርን ካሴቶች ላሳትም ብሎ ነው። ዛሬ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ደብሪቱ፦ መንገዱን ጨርቅ ያርግለት። አንተስ ሱፍ የለበስከው ለምንድነው? ሽምግልና ነው የመጣኸው?

እንድሪስ፦ ሽምግልና በይው።

ደብሪቱ፦ ብቻህን? አንድ ሰው ሽምግልና ሲመጣ ዛሬ አየሁ።

እንድሪስ፦ ሌሎቹማ ፈሩ። ሰውዬው "ሴትዮዋ በዘነዘና አባረረችኝ" ብሎ አወራ።

ደብሪቱ፦ አላባረርኩትም። ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር፣ እሱ ራሱ ሄደ።

እንድሪስ፦ እሺ፣ ለምን ራሱ ሄደ?

ደብሪቱ፦ ትናንት ጆሮው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ነገር ደፍቶ ካሴቱን ሰማ። ሰማና "እማማ፣ እናጸዳዋለን" አለኝ። እማማ! የኔ እኩያ የሚሆን ሰውዬ! ቆይ፣ ይመር ምን ሆኖ ነው የሚጸዳው? በቀን ሁለቴ ሸሚዝ ያስተኩሰኝ የነበረ ሰው!

እንድሪስ፦ ድምፁን ማለቱ ነው እንጂ። ቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴት ጫጫታ አይጠፋውም። ዶሮ ይጮሃል፣ በር ይንኳኳል...

ደብሪቱ፦ ዶሮ የለበትም። ይመር ሲቀዳ ዶሮዎቼን ጎረቤት ነበር የማስቀምጣቸው። አንደኛዋማ እዚያው ለምዳ ቀረች።

እንድሪስ፦ ታዲያ ምኑን ነው አጸዳለሁ ያለሽ?

ደብሪቱ፦ "ዱም ዱም የሚለውን አጠፋዋለሁ። ዘፋኙ ዝም ያለበትን ቆርጬ አወጣዋለሁ። ከስር ደግሞ ኦርጋን አስገባለሁ።" ያለኝ እንዲህ ነው።

እንድሪስ፦ ይኸው ነው?

ደብሪቱ፦ አያ እንድሪስ፣ ኦርጋን አልኩህ እኮ!

እንድሪስ፦ ሰምቻለሁ።

ደብሪቱ፦ ኮምቦልቻ ባለሰርጎቹ "በኦርጋን ነው የምንፈልገው" ቢሉት ይመር አንድ ቀን ካንድ ኦርጋን መቺ ጋር ዘፍኖ መጣ። በዚያ የተነሳ እስኪሞት ድረስ አራት ዓመት ያኮረፍከው አንተ አይደለህም? መንገድ ላይ ስታየው ወደ ማዶ ተሻግረህ ክብሪት ልገዛ ብለህ ሱቅ የምትገባው? ይመርማ "የእንድሪስ ቤት ይሄኔ ክብሪት ሞልቶታል" እያለ ይስቅ ነበር።

እንድሪስ፦ ክብሪት መቼም ይጠቅማል።

ደብሪቱ፦ ዛሬ ደግሞ ኦርጋኑን ራስህ አዝለህ መጣህልኝ!

እንድሪስ፦ ምን ላድርግ ደብሪቱ? ኦርጋንም ይግባ፣ ጡሩምባም ይግባ፣ ብቻ ሰው ይስማው። እሱን የሚያህል ድምፅ አንድ ካሴት እንኳ ሳይወጣለት ሞተ። ባለፈው ገበያ ላይ ስሙን ብጠራ አንዱ "ማን?" አለኝ። ይመርን "ማን?" አለኝ! በሁለት ዓመቱ!

ደብሪቱ፦ ማነው እሱ?

እንድሪስ፦ ምን ልታደርጊው?

ደብሪቱ፦ ዘነዘናው ዛሬም እጄ ላይ ነው።

እንድሪስ፦ ለሱ መልሱ ካሴቱ ነበር። አንቺ ግን ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ ለአይጥ ታሰሚዋለሽ።

ደብሪቱ፦ እኔ ነኛ አይጧ! በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እሱን ብቻ ደግሞ አይደለም የምሰማው።

እንድሪስ፦ ሌላ ማን አለበት?

ደብሪቱ፦ በርጩማው ላይ ቁጭ በል። ቴፑን ከመስኮቱ ላውርደው። ልትሰማ ነው እንጂ ልትወስድ አይደለም፤ ተግባባን? ይኸው፣ ከፈትኩት።

እንድሪስ፦ ተግባባን... ያ ረቢ! ድምፁ! ይሄን ድምፅ አፈር በላው?

ደብሪቱ፦ ገና ነው። ስማ።

እንድሪስ፦ ይሄ ዱም ዱም የሚለው ከበሮ ነው አይደል? መቺው ማነው? ጎበዝ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

ደብሪቱ፦ እኔ ነኝ።

እንድሪስ፦ አንቺ!

ደብሪቱ፦ ስወቅጥ ነዋ። በሞተበት ዓመት ክረምቱን አብሮት የሚጫወት ሰው አጣ። ቴፑን አምጥቶ ሙቀጫው አጠገብ አኖረና "ደብሪቱ፣ ሳታቋርጪ ውቀጪ" አለኝ። በርበሬው ሲያልቅ ጨው ወቀጥኩ፣ ጨው ሲያልቅ ባዶውን ወቀጥኩት። ጎረቤት አበደች ብሎ ጠበል ሊወስደኝ ነበር።

እንድሪስ፦ ይሄን ነው ሰውዬው ጫጫታ ያለው?

ደብሪቱ፦ ይሄን ነው። ከባሌ ጋር አንድ ላይ ያለሁበት ይሄ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለንም። እሱን ወስዶ እኔን ሊደፋኝ ነው።

እንድሪስ፦ ለኔ ግን እንዲህ ብሎ አልነገረኝም... ቆይ፣ ይቺ "መለሎዋ፣ መለሎዋ" የሚላት አንቺን ነው?

ደብሪቱ፦ እኔም ጠይቄው ነበር። ከዚህ ሙቀጫ እምብዛም አልረዝም፣ መለሎዋ ማናት ብለው "ቤት እንዲመታልኝ ነው" አለ።

እንድሪስ፦ እውነቱን ነው። "አጭሯ" ቢል ምኑ ቤት ይመታል?

ደብሪቱ፦ አያ እንድሪስ፣ ዘነዘናው...

እንድሪስ፦ አውቃለሁ፣ እጅሽ ላይ ነው። ቆመ እኮ። አለቀ እንዴ?

ደብሪቱ፦ አላለቀም። ዝም የሚልበት ይሄ ነው። እኔንም ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። እሱ ዝም ሲል እኔም ልረፍ ብዬ ዘነዘናውን ላስቀምጥ ስል በእጁ "ቀጥይ፣ ቀጥይ" ይለኛል። ውሃ ሊጠጣ ነው እንዳልል አይጠጣም። ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ። ለማን ነው የምወቅጠው? ስለው ይስቃል... ይኸው አሁን ገባ።

እንድሪስ፦ እ...

ደብሪቱ፦ ምን "እ" ትላለህ? ጣቶችህስ ጉልበትህ ላይ ምን ይሠራሉ?

እንድሪስ፦ ምንም። እስኪ መልሺው። ያን ዝም ያለበትን።

ደብሪቱ፦ መለስኩት። አሁንም ጣቶችህ! ጉንዳን ወረረህ?

እንድሪስ፦ ዝም በይ ትንሽ። ሌላ ዘፈን አድርጊልኝ፣ አሁን የሰማሁትን አይደለም። ቀጣዩን... ዝም አለ። ቆይ... ቆይ... አሁን ይገባል። አሁን!

ደብሪቱ፦ ገባ! እንዴት አወቅህ? ይሄን ካሴት ሰምተኸው አታውቅም እኮ!

እንድሪስ፦ ጣቶቼ ሲጨርሱ ነው የገባው። ደብሪቱ፣ ይሄ የኔ ቦታ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ሁለት ስንኝ ይላል፣ እኔ በአኮርዲዮን እመልስለታለሁ፣ ስጨርስ ይገባል። ልኩ ይሄ ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ደብሪቱ፦ ተኮራርፋችሁ?

እንድሪስ፦ ተኮራርፈን።

ደብሪቱ፦ እና እኔ ያን ሁሉ የወቀጥኩት ላንተ ነበር?

እንድሪስ፦ ሌላውም ላይ እንዲህ ዝም ይላል?

ደብሪቱ፦ ሦስቱም ካሴት ላይ፣ ዘፈን ሁሉ ላይ። ምነው፣ በርበሬው ዓይንህ ገባ?

እንድሪስ፦ በርበሬው ነው።

ደብሪቱ፦ ገና ሳልወቅጠው!

እንድሪስ፦ ለቀብሩ እንኳ ከድንኳኑ ውጭ ነበር የቆምኩት።

ደብሪቱ፦ አይቼሃለሁ። ክብሪት ልትገዛ የወጣህ መስሎኝ ነው።

እንድሪስ፦ ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። በይ ካሴቶቹን ቆልፊያቸው። ለሰውዬው "አትስጪ ያልኳት እኔ ነኝ" እለዋለሁ። ይሄን ዝምታ ከሚቆርጡት አይጥ ይስማው።

ደብሪቱ፦ እንዲህማ አይሆንም። እኔ አሁን ገና ልሰጥ ነው።

እንድሪስ፦ ምን?

ደብሪቱ፦ ሂድና አኮርዲዮንህን አምጣ። ሰውዬውንም ከነጆሮ ክዳኑ ይዘኸው ና። እዚሁ ግቢ ካሴቱ ይከፈታል፣ አንተ ቦታህን ትሞላለህ፣ እሱ ይቀዳል። የኔ ዱም ዱም ካለበት አይነካም። ኦርጋን የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ በሩ ያውና።

እንድሪስ፦ አኮርዲዮኑን ከኮምቦልቻው ሰርግ ወዲህ አልነካሁትም እኮ። ወናፉ ሳይቀደድ አይቀርም።

ደብሪቱ፦ የኔም ሙቀጫ ያን ክረምት ተሰንጥቋል፤ ማንም አልጠየቀኝም።

እንድሪስ፦ ብስትስ? ሰው ሁሉ ሊሰማው ነው።

ደብሪቱ፦ ብትስት ብቻህን ትስታለህ። እኔና ይመር እንደሆን ድርሻችንን ጨርሰናል፤ የምንጠብቀው አንተን ነው።