ልብስ የለበሱ መጻሕፍት

ከኦጊሳኪ የወደብ መንደር ወደ ከተማ የምትመላለሰው ባቡር ባለ አንድ ፉርጎ ናት። የመንደሩ ወጣት ወደ ትልልቅ ከተሞች በፈለሰ ቁጥር ፉርጎውም እየተቀነሰ እዚህ ደረሰ። በዚያ ዝናባማ ጠዋት ሽማግሌው ቶኩዞ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት ከባድ ሸክሞች አንጠልጥለው ገቡና ያገኙት ባዶ ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ ልብ ያሉት ባቡሯ ከተንቀሳቀሰች በኋላ ነው። ያውም ፊቷን አይተው ሳይሆን የምታነበውን መጽሐፍ አይተው ነው። መጽሐፉ ወረቀት አልለበሰም፤ ሥዕሉም ርእሱም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይታያል።

ቶኩዞ ራቁቱን የቆመ ሰው ያዩ ይመስል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መጽሐፍ የገዛ ሰው ሻጩ በወረቀት ሸፍኖ ካልሰጠው ከሱቅ አይወጣም፤ እሳቸው ያደጉበትና ያረጁበት ወግ ይኸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን በወደቡ ሚዛን ቤት ሲሠሩ የዓሣ ክብደት መዝነዋል እንጂ የሰው ሆድ ልመዝን ብለው አያውቁም። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ችግሩ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ሲበዛ ማር ይመራል የተባለው ለጨዋነትም ይሠራል።

«አጎቴ ቶኩዞ፣ እንደምን አደሩ?» አለች ልጅቱ መጽሐፏን አጥፋ።

ናጊሳ ነበረች፤ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሰው ሁሉ ወደሚሸሸው ወደ ትውልድ መንደሯ በመመለሷ ጎረቤቶቿ «ምን ነካት?» እያሉ የሚያሟት ልጅ ናት። ቶኩዞ ሰላምታዋን በወጉ መለሱላት። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ። ከዚያ ልጅቱ ቋጠሮዎቹን አይታ፣ በዚህ ዝናብ ሸክም ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው።

«ወደ ወረቀት ሰብሳቢው ነው» አሉ። «የፉሳኤ መጻሕፍት ናቸው። ሙት ዓመቷ ወጣ። ከእንግዲህ መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ባያቸው ትርፉ ራስን ማክሳት ነው።»

ናጊሳ ደነገጠች። ወረቀት ሰብሳቢው አሮጌ ወረቀት ተቀብሎ ወደ ፋብሪካ ይልካል፤ ላመጣለት ሰው ደግሞ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት በምትኩ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ የለም።

«አክስቴ ፉሳኤ ያነበቧቸውን በመጸዳጃ ወረቀት ሊለውጧቸው ነው?»

«ታዲያ በምን ልለውጣቸው? በባቄላ ወጥ?»

ቀልዱ ራሳቸውንም አላሳቃቸውም። ልጅቱ ግን፣ ከመውሰዳቸው በፊት የትኞቹ እንደሆኑ አይተው እንደሆነ ጠየቀች። ቶኩዞ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሰው የሸፈነውን አልገልጥም።»

«ባለቤትዎ እኮ ናቸው።»

«ባለቤቴ ስለሆነች ነው እንጂ! ለሌላውማ ማን ይጨነቃል? ስሚኝ ልጄ፤ ሻጩ ያለበሰላት ወረቀት ሲቀደድ እኔ ነበርኩ በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ የማለብስላት። ርእሱን እንዳላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የማጥፈው። አንድም ቀን ሰርቄ አላየሁም። እንዲህ ያለ ባል ጎረቤት ጠይቂ፤ አታገኚም።»

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። ፍቅራቸውን የሚገልጹት በዚህ ነበርና አይፈረድባቸውም። አንዱ ሰው ለሚስቱ አበባ ያመጣል፤ ቶኩዞ ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

በባቡር ውስጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ስለሆነ ሁለቱም የሚከራከሩት በሹክሹክታ ነበር። ናጊሳ በየወሩ መጨረሻ እሑድ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚደረገው ስብሰባ ነገረቻቸው። የመጣው ሰው ሁሉ ሰሞኑን አንብቦ የወደደውን አንድ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ ለምን እንደወደደው በአጭሩ ይናገራል፤ የፈለገ ይዋሰዋል። መረብ ጠጋኟም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ጡረተኛውም ይናገራል። ፈተና የለም፣ ሊቅ የለም።

ቶኩዞ አፍንጫቸውን ነፉ። «እናንተ የዛሬ ልጆች ምሳችሁን ሳይቀር ፎቶ አንስታችሁ ለዓለም ታሳያላችሁ። አሁን ደግሞ የሆዳችሁን? አንድ ሰው በምን እንዳለቀሰ፣ በምን እንደሳቀ ማወቅ ለማን ይጠቅማል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች።»

«ይላሉ፤ ግን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉትም እነሱው ናቸው» አለች ናጊሳ። «የመጽሐፍ ሻጩን የሴትሱዞን ሱቅ ምን እንደዘጋው ያውቃሉ?»

«ሞት ነዋ። ሰውየው ሞተ።»

«ከመሞታቸው በፊት ነው የተዘጋው አጎቴ። ጥሩ ምግብ የበላ ሰው ‹እዚያ ቤት ግቡ› ይላል፤ ምግብ ቤቱም በዚያ ይኖራል። በእኛ መንደር ግን ጥሩ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ጎረቤቱ ምን እንደሚያነብ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አያነብም። ሴትሱዞ ማን ምን እንደገዛ ሁሉን ያውቁ ነበር፤ አንዱን ደንበኛ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ቃል ግን አይተነፍሱም። በጨዋነታቸው ከሰሩ።»

ቶኩዞ መልስ አላጡም፤ ሱቅ የሚዘጋበት ሰበብ ብዙ ነው አሉ። የከተማው ሱቅ ትልቅ ነው፣ ሕዝቡም አልቋል፣ መጽሐፍ ስለተነገረለት መንደር አይድንም። ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት ስለነበረ ናጊሳም አልካደችም። መንደሩ እየሞተ መሆኑን በየቀኑ ታየዋለች፤ ስብሰባው ላይ የሚመጡት ሰዎችም ዓመት በዓመት እየቀነሱ ነው። ለመናገር ያመነታችበት ሌላ ነገር ግን ነበረ። በመጨረሻ አወጣችው።

«አክስቴ ፉሳኤ ይመጡ ነበር።»

«የት?»

«እሑዱ ስብሰባ ላይ።»

ቶኩዞ ሳቅ አሉ። እሑድ ከሰዓት ፉሳኤ የምትሄደው የእናቷን መቃብር ለማጠብ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ጃንጥላዋን እያቀበሉ ይሸኟት ነበር።

«መጀመሪያ መቃብሩን አጥበው ነበር የሚመጡት» አለች ናጊሳ። «እጅጌያቸው እርጥብ ነበር። በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ የተሸፈነ መጽሐፍ አለ። ተራቸው ሲደርስ ግን አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉታል። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ‹ምን እያነበቡ ነው?› አልኳቸው።»

«አንቺ ደፋር።»

«አዎ። ‹በእኛ ቤት ይህ አይጠየቅም› አሉኝ። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው ሲወጡ ዞር ብለው፣ ‹ቢጠይቀኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር› አሉ። እርስዎን ነው ያሉት፣ አጎቴ።»

ባቡሯ ዋሻ ውስጥ ገባች። መስኮቱ ጥቁር ሆነና ቶኩዞ የራሳቸውን ፊት ፊት ለፊት አዩት፤ ወደ ሌላ ማየት ቢፈልጉም መስኮቱ ያንኑ ፊት ብቻ ይመልስላቸዋል። ከዋሻው ሲወጡ ልጅቱ ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሱ፤ ጎንበስ ብለውም የአንዱን ቋጠሮ ጫፍ ፈቱ።

ላይኛውን አንሥተው በእጃቸው ዳሰሱት። ልብሱን ያውቁታል፤ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር በሚያድለው ቀን መቁጠሪያ የሸፈኑት ነው፤ በረዶ ላይ የቆመች ሽመላ ሥዕል አለበት፣ የጥር ወር ገጽ። የወረቀቱን እጥፋት በጥፍራቸው ላላ አደረጉት። ወረቀቱ በባሕሩ እርጥበት ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበርና ሲላቀቅ ሻጋታ ሸተተ። ርእሱን አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

«ምነው አጎቴ?»

ወደ እሷ አዙረው አሳዩዋት። መጽሐፉ በባሕር ዳርቻ ጨው እያፈላች ስለምትኖር አንዲት ሴት ነበር። ወንድሟ በጀልባ ሄዶ ቀርቷል፤ አሻግሮ እንዲያያት በየማታው የጨው ምድጃዋን እሳት ሳታጠፋ ታድራለች። ቶኩዞ ታሪኩን ያውቁታል። ቤታቸው ባለው በራሳቸው መደርደሪያ፣ ሌላ ቅጂው የዚያው ቀን መቁጠሪያ የየካቲት ገጽ ለብሶ ተቀምጧል። በሕይወታቸው ካነበቡት ሁሉ እንደዚያ አንጀታቸውን የበላው የለም።

«በአንዱ ዓመት ክረምት ነው» አሉ። «በረዶው በሩን ዘግቶት፣ ሁለታችን ማሞቂያ ያለው ጠረጴዛ ሥር እግራችንን ከተን ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። እሷ የጥሩን፣ እኔ የየካቲቱን ይዘን። እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ ተነሥቼ መድኃኒት አመጣሁላት። ዋጠችው። አመሰግናለሁ ብላ ዋጠችው። ከዚያ እኔ ደግሞ እዚያው ገጽ ደረስኩ መሰለኝ፤ እንዳታየኝ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

ሴትሱዞ አንዱን ለባል፣ አንዱን ለሚስት ሸጦ፣ ሁለቱንም ሸፍኖ፣ ሁለቱንም በትሕትና ጎንበስ ብሎ ሸኝቷል። ያወቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ይዞት ተቀበረ። ለዚህ ሁሉ ጥፋት አንድ ክፉ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም ወጉን ጠብቀዋል፤ ወጉም አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ አስለቅሷል።

ከተማው ጣቢያ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወረደ። ናጊሳ ቋጠሮውን ይዛላቸው ስትወርድ፣ ወደ ወረቀት ሰብሳቢው እንደማይሄዱ ነገሯት። ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የመልሱን ባቡር ጠበቁ። በዚያ መሐል ሌሎቹንም መጻሕፍት አንድ በአንድ ገለጧቸው። አብዛኞቹን በስማቸው እንኳ አያውቋቸውም። ስለ ከዋክብት የሚያወራ ነበረ፤ አንዲት ገዳይ ሴትን ስለሚያሳድድ ፖሊስ የሚተርክ ነበረ፤ ከመኻላቸውም የሚያስቅ የሚመስል ነበረ። ፉሳኤ የምትስቅበትን ነገር አለማወቃቸው ከሁሉ በላይ አመማቸው። የሚወዱትን ሰው መቅበር ከባድ ነው፤ የሚወዱት ሰው ማን እንደነበር ከቀብር በኋላ ማወቅ ግን ስም የለውም።

በወሩ መጨረሻ እሑድ ቶኩዞ የፉሳኤን መቃብር አጥበው፣ እጅጌያቸው እንደረጠበ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። የመጡት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ አልሞሉም። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አዩትና አልፈውት ሄዱ። መረብ ጠጋኟ ኪኑዮ ሰሞኑን ስላነበበችው የጉዞ ታሪክ ተናገረች፤ ጥርስ ሐኪሙ ያለማቋረጥ ስላሳቀው መጽሐፍ ተናገረ። ተራቸው ሲደርስ ቶኩዞ ቆሙ፤ የጥሩንና የየካቲቱን አጠገብ ለአጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሁለቱም ራቁታቸውን ነበሩ።

ንግግር አያውቁምና እንደ ሚዛን ቤት አዛዥ ነበር የተናገሩት።

«ይህን አንብቡት። ጥሩ ነው። ስታነቡት አትሸፍኑት። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲያነብ ካያችሁ፣ ምን ታነባለህ በሉት። ደፋር ቢላችሁም በሉት። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ሁለት መጽሐፍ አንገዛም ነበር፤ በአንዱ እንበቃ ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ጉንፋንና ለቅሶ ይለይልኝ ነበር። የመጠየቅ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሌላ አላውቅም። መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰው መድኃኒት አለማቅረብ።»

ሰዎቹ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ቶኩዞ መጨረሻውን ገጽ ከፈቱ።

«አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። መጨረሻ ላይ ከሩቅ ሸራ ይታያል። የወንድሟ ጀልባ ይሁን የሌላ፣ ጸሐፊው አይናገርም። እኔ የወንድሟ አይደለም ባይ ነኝ። ፉሳኤ ምን ብላ እንደሆን አላውቅም። የእሱ ነው ብትል ኖሮ ያን ክረምት በሙሉ ስንጨቃጨቅ እንከርም ነበር።»

መረብ ጠጋኟ እጇን ከጭኗ አነሣች።

«እኔ አንብቤዋለሁ» አለች። «የወንድሟ ነው እላለሁ።»

«ለምን?» አሉ ቶኩዞ። በሕይወታቸው ሰውን ስለ መጽሐፍ ይህን ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ኪኑዮ እየተንተባተበች አስረዳች፤ ሴትየዋ ያን ዕለት እሳቱን ሳትቆሰቁሰው መቅረቷን፣ ነፋሱም ከየት በኩል ይነፍስ እንደነበር ነገረቻቸው። ቶኩዞ መልሷን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጥሩ መልስ ነበር፤ የፉሳኤ ግን አልነበረም።