የጠፋው ሦስት ቁጥር

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነበርኩ። የሜዳችን የውጤት ሰሌዳ አርጅቷል፤ ቁጥር የሚሰቅሉት ጋሽ ዳንጊሶ ይጠገን ባሉ ቁጥር «በጀት የለም» እላቸው ነበር። አንድ እሁድ ሦስተኛ ጎል አገባን፤ ሰሌዳው ግን ሁለት እንዳለ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው የክብር እንግዳ «ጓድ፣ ጎሉ ተሻረ እንዴ?» አለኝ። ቀና ስል ጋሽ ዳንጊሶ መሰላል ላይ ወጥተው ሦስት ጣታቸውን ለሕዝቡ ዘርግተዋል።

ሮጬ ሄድኩና «ኧረ ይውረዱ፣ እንግዳ አለብን!» አልኳቸው።

«ሦስት ቁጥርን ዝገት በላው፣ ልጄ። ጨዋታው እስኪያልቅ ሦስት እኔ ነኝ» አሉኝ።

የቆሙበት መሰላል ይወዛወዛል። አፈርኩ። ወደ እንግዳው አልተመለስኩም፤ የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ መሰላሉን ከሥር ደግፌ ቆምኩ።