የታምቡሯ እንጨት ከየትኛው ዛፍ ነው?

በእኛ ጊዜ እኮ አርባ ምንጭ ውስጥ ሰልፍ ካለ ታምቡር አለ። የማርሽ ባንድ ነበረን፣ መቺው እኔ ነበርኩ። ባንዱ ሲበተን አሮጌዋ ታምቡር፣ ያቺ ከሥሯ ሽቦ የተወጠረባት፣ እኔ ጋ ቀረች። ታዲያ አምና ለመስቀል ወደ ባለቤቴ አገር ወደ ኦቾሎ ልወስዳት ነው፣ ቀይ ቀለሟ ተላልጦ አስቀያሚ ሆና ነበርና ፋቅሁት፣ እና እንጨቷ ወጣ፣ ቡናማ፣ የሚያምር እንጨት። አያችሁ፣ መፋቄ ነው ጣጣውን ያመጣው።

ለካ እዚያ ምሳር ከማይገባበት ከተከለከለው ደን አንድ ዋንዛ ተቆርጧል፤ ቆራጩም አልታወቀም። እና እኔ ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ማለቴ ነው፣ ታምቡሬን አንግቤ ከች!

አያ ጩፋ የሚባሉት ሽማግሌ፣ "አማች፣ ቁም!" አሉ። ቆምኩ።

"ይህ ዋንዛ ነው። ከየት ተቆረጠ?"

"ኧረ አያ ጩፋ፣ ይቺ እኮ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች!"

"አዲስ የተፋቀ ነው። እናያለን።"

ከደኑ ከሆነ ታምቡሯ አትመታም፣ እኔም ሌባ ነኝ፤ ያውም በአማቴ ፊት!

ታዲያ አንዱ ያሸታል፣ አንዱ በምራቁ ያረጥባል፣ አንዱ በጥፍሩ ይቧጭራል።

"ዋንዛ ነው!"

"የለም፣ ዝግባ ነው!"

"ዝግባ እንዲህ ቡናማ ይሆናል?"

አንዱማ ፍቅፋቂውን አፉ ውስጥ ከቶ አላመጠና፣ "ኮሶ ቢሆን ይመረኝ ነበር" አለ።

ቆይ አልኩና ብሎኖቹን ፈታሁ፣ የላይኛውን ፕላስቲክ አነሳሁ፣ "ጠርዙን እዩልኝ" አልኩ። አዩት። ሦስት ስስ እንጨት ነው፣ በሙጫ የተጣበቀ፣ ውጩ ቡናማ፣ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ውስጡ እንደገና ቡናማ። አያ ጩፋ ጣታቸውን አስኬዱበት፣ እንደገና አስኬዱበት።

"እንዲህ ተደራርቦ የሚበቅል ዛፍ እኛ አገር የለም" አሉ። "የፋብሪካ ነው። ምን ዛፍ እንደሆነ አላውቅም፣ የእኛ ግን አይደለም።"

እፎይ! መልሼ ገጠምኩ፣ ልመታ እጄን ሳነሳ፣ "መምቻዎቹስ?" አሉ አያ ጩፋ።

"ምን?"

"ዱላዎቹ። አምጣ እስቲ።"

ተቀበሉኝ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። "ይኸውልህ፣ ይሄ ዋንዛ ነው! ከየት አመጣኸው?"

"ጠዋት ነው የጠረብኳቸው... ከአማቴ ማገዶ።"

እና ዱቡሻው በሙሉ ወደ አማቴ ዞረ። ዳር፣ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ነበር።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ አማቴ። "እኔ አልቆረጥኩ! ቆራጩ ጥሎት የሄደውን ቅርንጫፍ ነው የለቀምኩት!"

"ጥሎት የሄደውም የደኑ ነው። ማገዶው ዛሬውኑ ይመለስ" አሉ አያ ጩፋ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ በእጅህ ምታ።"

ታዲያ መስቀልን በመዳፌ መታሁላችኋ! እጄ እንደ ዳቦ ተነፋ። አማቴ ማገዶውን ተሸክመው ወደ ደኑ ሲያልፉ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አማች፣ ሁልጊዜ እንደሱ ምታ! ጆሮዬ አረፈ!"

ካ ካ ካ!